ልጁን ማን ይያዘው?

«ከወለደች በኋላማ በቃ!» የሚለው ፍርድ በዚህ ከተማ በስንት ቢሮ እንደሚሰጥ ቤቱ ይቁጠረው። ለዕድገት የታጨች ሴት ሆዷ ገፋ ሲል ስሟ ከዝርዝሩ ቀስ ብሎ ይወጣል። ለምን ቢባል «ለእሷው አዝነን ነው» ይላሉ። ለዚህ ሐዘኔታ መልስ ስፈልግ እኔ የማየው ወደ እንጦጦ ነው።

በየካ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ተራራው ከሚወጡት ሴቶች መሐል ሯጮች አሉ፤ እንጨት ተሸካሚዎችም አሉ። መንገዱ አንድ ነው። አየሩም ያው ስስ አየር ነው።

ከሯጮቹ ደራርቱ ቱሉን እንውሰድ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች። ከዚያ አገባች፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማም ወለደች። አለቀላት ያለ አልጠፋም። እሷ ግን በመጋቢት 1992 የዓለም አገር አቋራጭን አሸነፈች። ቀጥሎ የመጣውን 1993 ዓ.ም. ልብ በሉልኝ፤ መስከረም 20 ቀን በሲድኒ የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በሚያዝያ የለንደን ማራቶን፣ በነሐሴ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና። ሦስቱም በአንድ ዓመት፣ ሦስቱም ከወሊድ በኋላ! ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. የኒውዮርክን ማራቶን ስታሸንፍ ደግሞ የ37 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት ነበረች።

እዚህ ላይ ቆርጦ «አየሽ፣ ከተፈለገ ይቻላል» ማለት ይቀላል። እኔ ግን ይህን ምክር አልወደውም። የሯጭ ሥራ በመግቢያ ሰዓት ፊርማ አይለካም። ሲድኒ ላይ «ሁለት ዓመት የት ጠፍተሽ ነበር?» ያላት አለቃ የለም፤ ሰዓት ያዢው 30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ብሎ መዘገበ፣ አበቃ። ለታወቀ ሯጭ ደግሞ የሽልማት ገንዘብ ሞግዚት ይቀጥራል።

እንጨት ተሸካሚዋስ? በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለከተማው ማገዶ ሲሆን ለእሷ የጀርባ ሸክም ሆነባት። ሕፃኑን ለታላቅ እህቱ ትተዋለች፤ ታላቅየዋ ከትምህርት ትቀራለች። ዕድሜዋን ሙሉ ብትሸከም ሸክሙ ዕድገት የለው፣ ጡረታ የለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ከእነዚሁ ሴቶች ጥቂቶቹ ሸክሙን ጥለው ሽመና ተማሩ፣ በማኅበርም ተደራጁ። ሽመና የወንድ ሙያ ተብሎ በኖረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ሰው ልጁም አጠገቡ ነው።

የቢሮዋ እናት ከሁለቱ መሐል ናት። ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን አስቧታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የኋለኛውን ወደ 90 አሳደገው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ደነገገ። ሐዘኔታ ሲሉ እንዲህ ነው እንጂ፣ ስም መሰረዝማ ምን ሐዘኔታ ይባላል?

አባትየውንም በ1156 ፈልጌው ነበር። አለ፤ ሦስት ቀን ተሰጥቶታል። ሦስት ቀን እኮ የአራሷን ገንፎ ተሻምቶ ለመጨረስም አይበቃ።