«ስንት ሜጋ ነው?»
በመካነ ሰላምም ሆነ በሌሎች የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋማ ከተሞች የቤት ኢንተርኔት የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ፍጥነቱ ስንት ሜጋ ነው?» ብሎ ሲሆን፣ ይህ አጠያየቅ ግን «ፈጠነ» ከሚለው ግሥ የወጣውን ቃል ከቦታው ያንሸራትተዋል። ፈጠነ ማለት በጥቂት ጊዜ ደረሰ ማለት ነው፤ በሰከንድ የሚቆጠረው ሜጋቢት ግን ባንድዊድዝን፣ ማለትም መስመሩ በአንድ ሰከንድ የሚያሳልፈውን የመረጃ ብዛት እንጂ መረጃው ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ አይለካም (8 ቢት 1 ባይት ስለሆነም በ8 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ የሚወርደው ቢበዛ 1 ሜጋባይት ነው)። ባሕር ማዶ ካሉ ልጆቹ ጋር በቪዲዮ የሚነጋገር ቤተሰብ ድምፁ እየዘገየና እየተቆራረጠ ሲቸገር፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሜጋው ማነስ ሳይሆን የሌተንሲ፣ ይኸውም መልእክት ሄዶ ምላሹ እስኪመለስ የሚያልፈው ጊዜ፣ መርዘምና መዋዠቅ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ 10,000 ኪሎ ሜትር ከራቀ ሰርቨር ጋር የሚደረግ ግንኙነት፣ መስመሩ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ደርሶ መልሱ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በታች አይወርድም። ስለዚህ ባንድዊድዝን «የማሳለፍ አቅም»፣ ሌተንሲን ደግሞ «ቃለ ምልልስ» በሚለው አጠራር ጆሮ በለመደው ቃል «የምልልስ ጊዜ» ማለት ይሻላል፤ አንዳንዶች የሚመርጡት «መዘግየት» ወቀሳ ያዘለ በመሆኑ ደህናውንም መስመር ጥፋተኛ ያስመስለዋል።