ወያኔ፦ ከራያ ሜዳ የወጣ ቃል

«ስም ይመርሖ ኀበ ግብሩ» ይላሉ አበው። ስም ባለቤቱን ወደ ግብሩ ይመራዋል ማለታቸው ነው። ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ቃል ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ግብር እየጎተተ ከመንደሩ ያወጣው፣ አገር ያዞረው፣ በመጨረሻም ደም አሸክሞ ወደ መንደሩ የመለሰው ስም ነውና። ቃሉ «ወያኔ» ነው።

አንባቢዬ ቃሉን ገና ሲያይ ፊቱ እንደሚቋጠር፣ ወይም እንደየወገኑ ደረቱ እንደሚነፋ ዐውቃለሁ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በአማርኛ ከተጻፈው ፖለቲካዊ ጽሑፍ ይህ ቃል ያልገባበትን ማግኘት ያስቸግራል። ለመሆኑ እንደዚያ የደጋገምነው ሁሉ ከየት እንደ መጣ ጠይቀን እናውቃለን?

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ ጎዳና ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ወደ ቆቦ ይወርዳል፤ ከዚያ ዋጃንና አላማጣን ተሻግሮ በግራካሱ ጠመዝማዛ ወደ ኮረም ይወጣል። ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ እስከ አፋር ድረስ የተንጣለለው ሜዳ የራያ ቆላ ነው። ማሽላና ጤፍ ይዘራበታል፤ ግመልና ከብት ይረባበታል፤ አማርኛና ትግርኛ በአንድ ገበያ ይነገሩበታል፤ ኦሮምኛም በቦታና በሰው ስም ላይ አሻራውን ትቶበታል። የነሐሴው የልጃገረዶች በዓል በቆቦ ሶለል፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በሰቆጣ ሻደይ፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። በዚህ አገር ቃል የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፤ ተራራ በተሻገረ ቁጥር ልብስ ይለውጣል እንጂ።

«ወያነ» የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። የኢትዮጵያን ገበሬዎች ዐመፅ ያጠኑት ምሁራን፣ በተለይም ገብሩ ታረቀ፣ ስለ 1935ቱ ዐመፅ ሲጽፉ ቃሉን ያገኙት በጨዋታ ውስጥ ነው። የየመንደሩ ጎረምሶች ቡድን ለይተው የሚገጥሙበት ጨዋታ ነበር። አንድ መንደር እንደ አንድ ሰው የሚቆምበት፣ «አንበገርም» የሚባባልበት ግጥሚያ ስለነበረ ቃሉ የኅብረትንና የእምቢታን መንፈስ ያዘለ ሆነ። በመነሻው ፓርቲ አልነበረም፤ ብሔርም አልነበረም።

እምቢታው ለራያ እንግዳ አልነበረም። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ ራያና አዘቦ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ሸፍተው፣ ያንን እንዲያበርዱ የታዘዙት ራስ ጉግሣ ወሌ ራሳቸው ከመንግሥት ጋር ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ወደቁ። ከማይጨው ጦርነት በኋላም ጣልያን ያስታጠቃቸው የአካባቢው ሰዎች የሚያፈገፍገውን የኢትዮጵያ ሠራዊት ማጥቃታቸው አይካድም። አዲስ አበባ ለራያ የያዘችው ቂም ከዚያ ይጀምራል።

በ1935 ዓ.ም. ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ጣልያን ወጥቶ የንጉሠ ነገሥቱ አስተዳደር ሲመለስ፣ የሹማምንቱ ጉቦ፣ የግብሩ ጫናና የወታደሩ ዝርፊያ ያስመረረው የራያ፣ የአዘቦ፣ የወጀራትና የእንደርታ ሕዝብ ከቅር ተሰኝ መኳንንት ጋር ተባብሮ ተነሣ። ታጋዮቹም ያንን የመንደር ስም ለራሳቸው ወሰዱ። ብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ ከመሪዎቹ ዋነኛው ነበሩ። ዐመፀኞቹ ኲሓን ያዙ፤ አምባላጌ ላይ ከራስ አበበ አረጋይ ጦር ጋር ተፋለሙ። በመስከረም 1936 ዓ.ም. መጨረሻ ከዔደን የተነሡ የብሪታንያ አውሮፕላኖች መቐለን ደበደቡና ዐመፁ ተሰበረ። የገዛ አገሩን ገበሬ በባዕድ አውሮፕላን ያስደበደበ መንግሥት ነጻነቱን ካወጀ ገና ሦስት ዓመት እንኳ እንዳልሞላው ልብ ይሏል። ከቅጣቱ ክፉውን የቀመሱት ራያና አዘቦ ነበሩ፤ ብዙ መሬታቸው ተነጥቆ ለታማኞች ታደለ።

ያ ዐመፅ በራሱ ዘመን «ቀዳማይ» አልተባለም። ሁለተኛ ሳይኖር አንደኛ የለም። ቁጥሩን ያመጡት የካቲት 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ደደቢት ላይ ትጥቅ ትግል የጀመሩት ወጣቶች ናቸው። ድርጅታቸው መጀመሪያ «ተጋድሎ ሓርነት ህዝቢ ትግራይ» ነበር የሚባለው፤ በ1971 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጉባኤው ላይ «ህዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ» ሆነ። በዚህች አንዲት የስም ለውጥ የራያ፣ የወጀራትና የእንደርታ ገበሬ የሞተበት እምቢታ የአንድ ድርጅት ርስት ሆነ። የድርጅቱ ሰዎች ራሳቸውን የቀዳማይ ወያነ ወራሾች አደረጉ፤ መቐለም አንዱን ክፍለ ከተማዋን ቀዳማይ ወያነ ብላ ሰየመች። ጨዋታውም መንደሩም ተረሱ።

ቃሉ በአማርኛ ሌላ ሕይወት ጀመረ። ደርግ ለተዋጊዎቹ «ወንበዴ»፣ «ገንጣይ አስገንጣይ» የሚል የራሱ መዝገበ ቃላት ነበረው። ከግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ተራው ሰው መንግሥቱን በሙሉ «ወያኔ» ይለው ጀመር። «ወያኔ» እና «ወይኔ» በአማርኛ አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለያቸው፤ ቀልዱ ሳይዘገይ ደረሰ። በተለይ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በውጭ አገር የነበሩ ድረ ገጾች «ወያኔ/ኢሕአዴግ» እያሉ በዝርዝር ምልክት አጣብቀው መጻፋቸውን አንባቢ ያስታውሳል። በዚያን ዘመን ከወላይታም ከጎጃምም የወጣ ካድሬ «ወያኔ» ይባል ነበር። ቃሉ በአብዛኛው ሥልጣንን ይወቅስ ነበር እንጂ የትውልድ ቀዬን አይጠይቅም ነበር። አንዳንዱ ያኔም ወደ ሕዝብ አዙሮት እንደነበር ግን መካድ አይገባም፤ ብዙዎቻችን ሰምተን አልፈናል።

እንግሊዞች ከዚህ የሚመሳሰል ተረክ አላቸው። ዛሬ ወግ አጥባቂው ፓርቲያቸው የሚጠራበት «ቶሪ» ከአየርላንድ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የሚሳደድ ሰው፣ ሽፍታ ማለት ነው። መሬታቸውን ተነጥቀው ዱር የገቡ አየርላንዳውያን ነበሩ የሚጠሩበት። እ.ኤ.አ. ከ1679 እስከ 1681 በነበረው የዙፋን ውርስ ጠብ የጄምስን ወገን ለመስደብ ዋለ። የተሰደቡትም በአጸፋው ተቀናቃኞቻቸውን «ዊግ» አሏቸው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1648 ወደ ኤዲንብራ ከዘመቱት የስኮትላንድ ገበሬዎች ስም የመጣ ነው። ሁለቱም ወገን ውሎ አድሮ ስድቡን ተቀብሎ ኮራበት። የእኛው ቃል በተቃራኒው ነው የተጓዘው፤ በኩራት ተጀምሮ ስድብ ሆነ። እንግሊዞች ስድቡን ያለዘቡት በምክር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው እየተፈራረቁ ነው፤ እኛ እንዲህ ያለ ወንበር አልነበረንም።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር መንግሥት ደግሞ «ጁንታ» የሚል ስም አመጣ። በነገራችን ላይ ጁንታ በእስፓንኛ ሸንጎ፣ ኮሚቴ ማለት ነው፤ ግእዙ «ደርግ» የሚለውን መሆኑ ነው። የሆነው ሆኖ ሕዝቡ አፍ ላይ የቀረው አሮጌው ቃል ነበር፤ አሁን ግን ጠቦ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ቆቦን ያዙ። ሂውማን ራይትስ ዎች የነዋሪዎችን ቃል ሰብስቦ ባወጣው ዘገባ መሠረት ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በአንድ ቀን በቆቦ 23 ሰዎች በእነዚህ ኃይሎች ተረሽነዋል። የራያ ጎረምሶች ለጨዋታቸው ያወጡት ስም ከሰባ ስምንት ዓመት በኋላ በራያ ከተማ የገዳይ ስም ሆነ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጊያው ዳግም ሲያገረሽ ከተማዋ ለሁለተኛ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች።

በዚያው ሰሞን ቃሉ በአዲስ አበባም ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ እስሩ ማንነትን የተከተለ መምሰሉ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንን ሳይቀር አሳስቦት ነበር። በስልክ ትግርኛ መናገር የሚያስጠረጥር ሆነ። ዐሥራ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የጎጃሙን ካድሬ ሳይቀር ይነካ የነበረው ቃል፣ አሁን ካድሬውን ትቶ ሻይ ቤት የምትሠራዋን የአዲግራት ልጅ ይነካ ጀመር። የቆቦ ሰው ደግሞ ጭንቁ እጥፍ ነው። አያቱ በትግርኛ ይመርቁታል፤ አክስቱ አላማጣ ተድራለች። ቀድሞ ቆቦም አላማጣም ኮረምም በወሎ፣ በአንድ የራያና ቆቦ አውራጃ ነበሩ፤ ከ1983 ወዲህ ቆቦ በአማራ ክልል፣ አላማጣና ኮረም በትግራይ ተካለሉ፤ ጠቡም እስከ ዛሬ አልበረደም። ለዚህ ሰው ቃሉ የጎረቤት መንግሥት ስም አይደለም፤ እራት ማዕድ ላይ በአንድ ትሪ ዙሪያ ሊነሣ የሚችል ነገር ነው።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። የተወካዮች ምክር ቤትም ሕወሓትን ከአሸባሪነት መዝገብ መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰረዘው። ከአፍ የሚሰርዝ አዋጅ ግን የለም። ይህ ጸሐፊም ቢሆን ቃሉን ለአገዛዝም ለሰውም ሳይለይ የጻፈበት ጊዜ እንደነበረ አይክድም። ድርጅቱ ስም አለው፤ ሕወሓት ይባላል፤ ለሠራው ሥራ በዚያ ስም መጠየቅ ይቻላል። የቆቦ ሟች ወገኖችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ማን፣ በማን ትእዛዝ ገደለ የሚለውን።

ዛሬ በቆቦ ሜዳ ላይ ሁለት ቡድን ለይተው ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። ለቡድናቸው የጀግና፣ የእንግሊዝ ክለብ ስም ያወጣሉ። የቅድመ አያቶቻቸውን የጨዋታ ስም ግን አንዱም ደፍሮ አያወጣውም፤ ከዚያው ሜዳ እንደ ወጣ የነገራቸውም ሰው የለም።