የአየር ጠመንጃ ታሪክ፦ ከ1,500 ንፊያ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር፣ «ቲቸር፣ ጓሮዬ ሰፊ ነው፤ ለዒላማ መለማመጃ የአየር ጠመንጃ ልገዛ ነው። ሳጥኑ ላይ ፍጥነቱ ትልቅ የሆነውን ልውሰድ?» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የጠመንጃ ነጋዴ አይደለሁም። ግን ጥያቄውን ወደድኩት፤ ለምን መሰላችሁ? መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው። የአየር ጠመንጃ ታሪክ ባጭሩ ሲነገር፣ ሰው መጀመሪያ ጉልበት ሲያሳድድ ቆይቶ፣ በኋላ ጉልበቱን ቀንሶ ዒላማውን ያገኘበት ታሪክ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የጦር መሣሪያ ነበር

የአየር ጠመንጃ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የልጅ መጫወቻ ወይም በበዓል ሰሞን መንገድ ዳር ሳንቲም ከፍለን የምንተኩስበት ነገር ነው። ግን አንድ ዘመን ላይ የጦር መሣሪያ ሆኖ ያውቃል። በ1780 ገደማ የኦስትሪያ ጦር ባርቶሎሜዎ ጂራርዶኒ የሠራውን የአየር ጠመንጃ ታጠቀ። ሰደፉ እንጨት ሳይሆን አየር የሚታመቅበት የብረት ቋት ነው። ከጎኑ ባለው ቱቦ 20 ያህል የእርሳስ ድቡልቡል ጥይት ይይዛል።

አስቡት እንግዲህ፤ በዚያ ዘመን ተራው ወታደር በየተኩሱ ባሩድ አፍስሶ፣ ጥይት በአፈሙዝ ከትቶ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ ነው የሚተኩሰው። የጂራርዶኒ ጠመንጃ የያዘው ግን ትንሿን ብረት ገፋ አድርጎ፣ መልሶ ይተኩሳል። ጭስ የለ፣ ዝናብ የሚያበሰብሰው ባሩድ የለ።

ታዲያ ለምን ቀረ? አንደኛ፣ አንዱን ቋት በእጅ መንፊያ ለመሙላት 1,500 ጊዜ ያህል መንፋት ያስፈልግ ነበር። የብስክሌት ጎማ በእጁ ነፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ዕቃው በቀላሉ ይበላሻል፤ የሚጠግነውም እንደ ልብ አይገኝም። ሦስተኛው ደግሞ ለዛሬው ርዕሳችን ዋናው ነው፤ በተኮሰ ቁጥር የቋቱ ግፊት እየቀነሰ ይሄዳል። የመጀመሪያዋና የሃያኛዋ ጥይት እኩል ጉልበት የላቸውም። እኩል ጉልበት የሌላቸው ጥይቶች ደግሞ አንድ ቦታ አያርፉም። በ1815 አካባቢ ጠመንጃው ከጦሩ ወጥቶ ነበር።

ይህን ዓይነት ጠመንጃ በዓለም ያስተዋወቀው ግን ጦርነት አይደለም። በ1803 ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ሜሪዌዘር ሉዊስን ወደ ምዕራብ አሜሪካ ሲልከው፣ ሉዊስ አንድ የአየር ጠመንጃ ይዞ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች የጂራርዶኒ ዓይነት እንደነበር ያምናሉ። በጉዞው ላይ የሚያገኛቸውን ነባር ሕዝቦች የሚያስደንቅበት ዕቃ ነበር።

ነሐሴ 30 ቀን 1803፣ ከፒትስበርግ በተነሳበት በመጀመሪያው ቀን፣ ወንዙ መሃል ያለች ደሴት ላይ ቆመው ጠመንጃውን ለሰዎች አሳየ። ከተመልካቾቹ አንዱ ተቀብሎ ሲነካካው ሳያስበው ተኮሰ። 36 ሜትር ያህል ርቃ የቆመች ሴት ግንባሯ ጎን ላይ ተመታ ወደቀች። ደሟ ሲፈስ የሞተች መስሏቸው ነበር። ደግነቱ ጥይቷ ጫፏን ጨርፋት ነው ያለፈችው፤ ሴትየዋ ተረፈች። ሉዊስ ራሱ ማስታወሻው ላይ ጽፎታል። «አየር ብቻ ነው እኮ» የሚል ሰው ስታገኙ ይህችን ሴት አስታውሱለት።

የነፋስ ወፍጮ ሻጮቹ

አሁን ወደ ጓሮ እንግባ። በሚቺጋን ግዛት፣ ፕላይማውዝ በምትባል ከተማ፣ ለገበሬዎች ውኃ የሚስብ የነፋስ ወፍጮ የሚሠራ ኩባንያ ነበር። ገበያው ቀዝቅዞበታል። በ1888 ክላረንስ ሃሚልተን የተባለ ሰው ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ የአየር ጠመንጃ ይዞ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሞክሮ ሲደነቅ «ዴዚ ነው!» አለ ይባላል፤ በጊዜው አነጋገር «ድንቅ ነው» እንደማለት ነው። ጠመንጃው ወፍጮ ለሚገዛ ገበሬ ምርቃት ሆኖ መሰጠት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ምርቃቱ ከዋናው ዕቃ በላይ ተፈለገ። በ1895 ኩባንያው ወፍጮውን ትቶ ስሙን ዴዚ አለ።

ዴዚ የአየር ጠመንጃን ርካሽ አድርጎ ወደ እያንዳንዱ አሜሪካዊ ልጅ ጓሮ አስገባው። ትክክለኛነትን ግን አላመጣም። የዚህ ዓይነት ጠመንጃ አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ ነው፤ የሚተኩሰው ድቡልቡል ፍሬ ደግሞ ከአፈሙዙ በመጠኑ ይጠባል። ስለዚህ ፍሬው ሳይሽከረከር፣ ግድግዳውን እየነካካ ይወጣል። ቆርቆሮ ለመጣል በቂ ነው፤ ወረቀት ላይ አንዱን ቀዳዳ ደግሞ ለመምታት ግን አይሆንም።

የበርሚንግሃም ደወል

ቀጣዩ እርምጃ እንግሊዝ ነው። የቦር ጦርነት በ1902 ሲያበቃ እንግሊዞች የወታደሮቻቸው የዒላማ ችሎታ አሳስቧቸው ነበር። በየሰፈሩ የተኩስ ክበብ መቋቋም ጀመረ። በዚህ መሃል ሊንከን ጄፍሪስ የተባለ የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪ፣ አፈሙዙ የማይታጠፍ፣ በውስጡ ጠመዝማዛ መስመር የተቀረጸበት የአየር ጠመንጃ ነደፈ። ከ1905 ጀምሮ ቢኤስኤ የተባለው ትልቁ ፋብሪካ አመረተው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዘንጉን ስትስቡ ወፍራም ሞላ ይጨመቃል። ምላጩን ስትስቡ ሞላው ተፈትቶ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ አየሩን፣ አየሩ ጥይቷን። የጂራርዶኒ ችግር በዚህ ተፈታ፤ ለእያንዳንዱ ተኩስ ያንኑ ሞላ ያንኑ ያህል ስለምትጨምቁት ጉልበቱ ሁልጊዜ ተቀራራቢ ነው። ጥይቷም ተለወጠች። ድቡልቡል መሆኗ ቀርቶ እንደ እንጨት ሙቀጫ ወገቧ ሰርጎድ ያለ፣ ፊቷ ከበድ፣ ጀርባዋ ክፍት የሆነ የእርሳስ ፍሬ ሆነች። አየሩ ጀርባዋን ገፍቶ ከመስመሮቹ ጋር ያጣብቃታል፤ እየተሽከረከረች ትወጣለች።

እንግሊዞች ይህን ይዘው መጠጥ ቤት ገቡ! ጨዋታው አለ እስከ ዛሬ። የብረት ሰሌዳ ይተከላል፤ መሃሉ ላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ አለ፤ ከኋላው ደወል ተንጠልጥሏል። ከ6 ወይም 7 ያርድ ርቀት ላይ ቆማችሁ ትተኩሳላችሁ። ጥይቷ ቀዳዳዋን ካገኘች ደወሉ ይጮኻል። እዚህ ጨዋታ ላይ ጉልበት ምንም አይፈይድም። ደወሉን የሚያስጮኸው ቀዳዳዋን ማግኘት ብቻ ነው።

የሞላው እርግጫ

አንድ ችግር ግን ቀረ። ሞላው ሲፈታና ፒስተኑ ሲጋጭ ጠመንጃው መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ይራገጣል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ጥይቷ ገና ከአፈሙዝ ሳትወጣ ነው። ስለዚህ አያያዛችሁ በትንሹ ከተለወጠ ጥይቷም ቦታ ትለውጣለች።

መልሱ የመጣው ከጀርመን፣ ኦበርንዶርፍ ከምትባል ከተማ ነው። የታወቀው የማውዘር ፋብሪካ የነበረባት ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለት የቀድሞ የማውዘር መሐንዲሶች፣ ካርል ቬስቲንገርና ኤርንስት አልተንበርገር፣ ፋይንቨርክባው የሚባል ድርጅት መሠረቱ። በ1961 ሞዴል 150 የተባለውን ጠመንጃ አወጡ። ሲተኮስ የላይኛው ብረት በሐዲድ ላይ እንዳለ ሁሉ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ሰደፉ ግን ትከሻችሁ ላይ እንዳለ ይቀራል። እርግጫው ተኳሹ ጋ አይደርስም።

የጦር መሣሪያ ሲሠሩ የኖሩ እጆች ናቸው እንግዲህ በዓለም ላይ እጅግ ትክክለኛ ከሆኑት ደካማ ጠመንጃዎች አንዱን የሠሩት። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። የዒላማው መካከለኛ ነጥብ ስፋት ስንት መሰላችሁ? ግማሽ ሚሊ ሜትር! ጥይቷ ራሷ 4.5 ሚሊ ሜትር ናት። ይህን የሚመታው ጠመንጃ ጥይቷን የሚያስወጣት በሰከንድ 170 ሜትር ገደማ ነው፤ ከድምፅ ፍጥነት ግማሹን ብቻ።

በ2008 ቤጂንግ ላይ ህንዳዊው አብሂናቭ ቢንድራ በዚህ ውድድር ወርቅ ወሰደ። ለቢሊዮን ሕዝብ አገር የመጀመሪያው የግል የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ቤታቸው ውስጥ መተኮሻ ሠርተውለት ነበር። የቤት ልምምድ የት ድረስ እንደሚያደርስ እዩ።

ታዲያ የትኛው ይገዛ?

ከዚህ ሁሉ የማወጣው ምክር ይህ ነው።

ፍጥነቱን ትታችሁ አፈሙዙን እዩ። ውስጡ መስመር ያለውና የእርሳስ ፍሬ የሚተኩስ ይሁን። «ከድምፅ ይፈጥናል» ተብሎ የሚሸጠውን ለዒላማ አትመኙት። ቀላል የእርሳስ ፍሬ የድምፅን ፍጥነት አልፋ መልሳ ወደዚያ ስትወርድ አየሩ ያናውጣታል። ለወረቀት ዒላማ 4.5 ሚሊ ሜትር በቂ ነው፤ ጥይቷም ርካሽ ናት።

የሞላ ጠመንጃ ከገዛችሁ አጥብቃችሁ አትያዙት። የፊት እጃችሁ መዳፍ ላይ አሳርፉት፤ እንደልቡ ይራገጥ፤ እናንተ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አያያዝ ይኑራችሁ። ጥይት ሳይኖርበት አትተኩሱት፤ ፒስተኑን ይጎዳዋል። በታመቀ አየር የሚሠራው እርግጫ የለውም ማለት ይቻላል፤ ለጀማሪ ይቀላል። ግን መንፊያው ወይም ሲሊንደሩ ሌላ ወጪ ነው። ምላጩ ደግሞ ሳይንገራገጭ የሚለቅ ይሁን፤ ከባድ ምላጭ ጥሩ አፈሙዝን ያበላሻል።

ከዚያ የተለያዩ የጥይት ዓይነቶች ግዙና በ10 ሜትር ከየዓይነቱ 5፣ 5 ተኩሱ። መሃሉን መታ አልመታ ብላችሁ አትጨነቁ። አምስቱ ቀዳዳዎች ምን ያህል እንደተቀራረቡ ነው የሚታየው። አንድ ላይ ያረፉት ከመሃል ቢርቁም በማነጣጠሪያው ይስተካከላሉ። የተበታተኑትን ግን የትኛውም ማነጣጠሪያ አይሰበስባቸውም። አንዱ ጠመንጃ የወደደውን ጥይት ሌላው ላይወደው ይችላል፤ ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ ቢወጡም።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሕጉን ጠይቁ። ጀርመን ያላችሁ፣ ከ7.5 ጁል የማያልፍና የተፈቀደው ምልክት ያለው ከሆነ ከ18 ዓመት በላይ ያለ ፈቃድ ይገዛል። እንግሊዝ የጠመንጃው ገደብ 16 ጁል ገደማ ነው፤ ስኮትላንድ ግን ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ የምስክር ወረቀት ትጠይቃለች። አሜሪካ በየግዛቱና በየከተማው ይለያያል፤ ኒው ጀርሲ ለምሳሌ እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ነው የምትቆጥረው። አገር ቤት ያላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ ሳትጠይቁ እንዳትነኩት።

ጓሮው ሰፊ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ከዒላማው ጀርባ ምን አለ? አጥር ተሻግሮ የጎረቤት ልጅ ይጫወታል? ካርቶን ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ፣ ከጀርባው ጠንካራ ግድግዳ ይኑር። ድንጋይና ብረት ላይ አትተኩሱ፤ ፍሬው ይመለሳል፤ በተለይ የብረት ድቡልቡሉ። የዓይን መከላከያ መነጽር ለተኳሹም ለተመልካቹም ያስፈልጋል። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ሳትታጠቡ እንዳትበሉ። ልጆች ካሉ ጠመንጃው ይቆለፍበት፤ ጥይቱም ለብቻው ይቀመጥ።

የኦሊምፒክ ተኳሾች ጥይት ሳይተኩሱ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ እያነጣጠሩ ብቻ ለሰዓታት ይለማመዳሉ። ትንፋሽን መያዝ፣ ምላጩን ቀስ አድርጎ መጫን፣ ከተኮሱም በኋላ ሳይነቃነቁ መቆየት። እነዚህ በነፃ ናቸው፤ ሳጥኑ ላይ ተጽፈው አታገኟቸውም። የጨዋታው ደስታም ያለው እዚያው ነው፤ አምስተኛዋ ጥይት በአራተኛዋ ቀዳዳ ስታልፍ።

ውጭ ያላችሁና የደወሉን ጨዋታ ያያችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩን። መልካም ሰንበት!