እጅና ብዕር፤ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት በአገራችን

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በዩኒቨርሲቲ ስለሚሰጠው ስለ ኤሌክትሮኒክስ ምሕንድስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ሊናገር የሚያስብ ሰው፣ አስቀድሞ እጅና ብዕር በአገራችን እንዴት ተለያይተው እንደ ኖሩ ማስታወስ ይገባዋል። ይህንንም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከመርካቶ ተነሥቶ በጳውሎስ በኩል ወደ አስኮ የሚወስደውን የጉለሌን መንገድ ቢከተል፣ በመጀመሪያ የቅዱስ ጳውሎስን ሆስፒታል፣ እልፍ ሲልም የጄኔራል ዊንጌትን ግቢ ያገኛል። የዚህ ጽሑፍ ነገር በእነዚህ በሁለቱ ግቢዎች መካከል ተጠቃልሎ ይገኛል።

የዊንጌት ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ስሙም በ1933 ዓ.ም. ለነጻነታችን ከአርበኞች ጋር ከተሰለፈው ከእንግሊዛዊው መኰንን ከኦርድ ዊንጌት የተወሰደ ነው። በእንግሊዛውያን መምህራን እየተመራ፣ የተመረጡ ወጣቶችን ለከፍተኛ ትምህርት የሚያዘጋጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከዚያ የሚወጣው ወጣት ዐይኑን የሚጥለው በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ግን ያው ግቢ የሙያ ማሠልጠኛ ሆነ፤ ዛሬም የፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ ብዕር ወጣና መሣሪያ ገባ ማለት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ እንዴት ያለ ፍሬ ባፈሩ ነበር!

የመለያየቱ ሥር ግን ከዚህ ይርቃል። በቀድሞው ዘመን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ አገሩ ሁሉ በእጃቸው ሥራ እየኖረ ስማቸው የስድብ ስም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ነገሩ ምን ያህል የከፋ እንደ ነበረ ይመሰክራል። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተግባረ እድ ተብሎ መጠራቱም፣ ቀድሞ የተናቀው የእጅ ሥራ በግእዝ ስም ከብሮ ወደ ትምህርት ቤት መግባቱን ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ግን ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። በ1945 ዓ.ም. በአምስት ኪሎ የምሕንድስና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በ1951 ዓ.ም. አካባቢም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ትምህርት ተጨመረበት። ይህ ወደ ዲግሪ የሚያደርሰው የቀመርና የንድፍ መንገድ ነበር። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ደግሞ የቴክኒክ ሠራተኞችን በዲፕሎማ ያወጣ ነበር። አንዱ የሚያስብ፣ ሌላው የሚሠራ ተደርጎ መታየቱ ያረጀውን ልማድ በአዲስ ልብስ ሸፈነው እንጂ አልሻረውም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልነበረ የሌሎች አገሮች ታሪክ ይነግረናል። በ1940 ዓ.ም. በአሜሪካ ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ የኤሌክትሮኒክስ ጥበብ በፍጥነት ረቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የግሪንተር ሪፖርት የአሜሪካ የምሕንድስና ትምህርት ወደ ሒሳብና ወደ መሠረታዊ ሳይንስ እንዲያዘነብል መከረ፤ ትምህርት ቤቶቹም ምክሩን ሲከተሉ የመሥሪያ ቤቱ ልምምድ ቀነሰ። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1960ዎቹ፣ በእነርሱ አቈጣጠር፣ የምሕንድስና ቴክኖሎጂ የተባለው የአራት ዓመት ዲግሪ ተስፋፋ። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የፌዴራል የቴክኒክና ሙያ ኢንስቲትዩት፣ የእጅ ሙያ እስከ ዲግሪ የሚወጣበትን መሰላል አቆሙ።

የዚህ ትምህርት ጥቅም ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ ሆስፒታል እንግባ። የሕመምተኛው የልብ አመታት በመሣሪያ ሲነበብ፣ ከደረቱ ላይ የሚገኘው ኀይል ከአንድ ቮልት አንድ ሺሕኛ ያህል ብቻ ነው። መሣሪያው ይህን ደካማ ምልክት አጉልቶ በመስመር ይሥለዋል። በግድግዳው ሽቦ ውስጥ ግን 220 ቮልት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የመሬት ሽቦው ቢላላ የዚህ ብርቱ ኀይል ጥላ በልቡ ምልክት ላይ ይወድቅና ሐኪሙ መስመሩን ማንበብ ይሳነዋል። ቀመሩን ብቻ የተማረ ሰው ሁከቱ ከየት እንደ መጣ ያስረዳል፤ የላላውን ሽቦ ፈልጎ ለማግኘት ግን እጁ አልለመደም። እጁን ብቻ ያስለመደ ሰው ሽቦውን ያጠብቃል፤ ሁከቱ ያን ጊዜም ካልጠፋ ግን ቀጥሎ የሚመረምረውን አያውቅም። ሕመምተኛው ደግሞ ሁለቱ ተፈላልገው እስኪገናኙ የሚቆይበት ጊዜ የለውም። የኤሌክትሮኒክስ ቴክኖሎጂ ዲግሪ የተፈጠረው እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ሰው እንዲሆኑ ነው።

ነገር ግን መሰላሉ መቆሙ ብቻ አይበቃም። ተማሪው አራት ዓመት ሙሉ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ እየገለበጠ ቢመረቅ፣ ስሙ የቴክኖሎጂ ባለሙያ ይሁን እንጂ ያው የቀድሞው ባለ ብዕር ነው። መሣሪያ ሲያነሣና ሲጥል ኖሮ ትምህርቱን ለማሻሻል የመጣውም ሠራተኛ የሒሳቡ በር ቢዘጋበት ያው የቀድሞው ባለ እጅ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በጀት የሚመድበው ሹም ከመማሪያው ክፍል አስቀድሞ ስለ መሥሪያ ቤቱ ይጠይቅ፤ መምህሩ ፈተናውን በወረቀት ብቻ አይጨርስ፤ ተማሪውም እጁ መጥቆሩን እንደ ውርደት አይቍጠረው። ምኒልክ በዐዋጅ የከለከሉት ስድብ ከአፍ ቢጠፋም፣ ከሥርዐተ ትምህርታችንና ከደመወዝ መዝገባችን መጥፋቱን ገና ማረጋገጥ ይኖርብናል።

በጳውሎስ መንገድ ላይ ሆስፒታሉና ኮሌጁ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ የሚፈልገውን ሰው ሌላው በሙሉ ሰውነቱ፣ በእጁም በአእምሮውም፣ አሠልጥኖ ሊሰጠው የሚችልበት ቀን፣ ጉርብትናቸው በእውነት ጉርብትና ይሆናል።