መሣሪያው ብቻውን አይሰማም፦ ከኮክሌር ኢምፕላንት ታሪክ ወላጆች የሚማሩት



«ዶክተር፣ መሣሪያው ከተገጠመለት ልጄ መቼ ነው የሚያወራው?» መስማት የተሳናቸው ልጆች ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን መሣሪያው ውስጥ ብቻ አይገኝም። ሳሎን ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በልጁ የጤና ታሪክ ውስጥም አለ። ሕክምናው ራሱ ይህንን ለመረዳት ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ እንይ።

በቅድሚያ፣ ኮክሌር ኢምፕላንት ምንድን ነው? ሂሪንግ ኤይድ የምንለው የመስሚያ መሣሪያ ድምፅን ያጎላል። ኮክሌር ኢምፕላንት ግን ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ቀይሮ፣ የተጎዱትን የውስጥ ጆሮ ሴሎች አልፎ፣ የመስማት ነርቭን በቀጥታ ይቀሰቅሳል። ከጆሮ ጀርባ የሚውል የውጭ ክፍል እና በቀዶ ሕክምና ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ የውስጥ ክፍል አለው።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች

እ.ኤ.አ. በ1957 በፓሪስ አንድሬ ጁርኖ እና ሻርል ኤሪየስ መስማት ላጣ አንድ ሰው ኤሌክትሮድ አስገቡለት። ሰውየው ድምፅ ሰማ፤ ከልምምድ በኋላም ጥቂት ቃላትን ለየ። ንግግርን ግን መረዳት አልቻለም፣ መሣሪያውም ብዙ ሳይቆይ ተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ1961 ዊልያም ሃውስ በሎስ አንጀለስ ሥራውን ቀጠለ። ብዙ ሳይንቲስቶች ግን «ይህ ከንቱ ድካም ነው» የሚል አቋም ነበራቸው።

እ.ኤ.አ. በ1977 ሮበርት ቢልገር የመራው ጥናት ባለ አንድ ቻናል መሣሪያ የተገጠመላቸውን 13 ሰዎች መረመረ። መሣሪያው የከንፈር ንባብን እንደሚያግዝና የአካባቢ ድምፆችን እንደሚያሰማ አረጋገጠ። ብቻውን ግን ንግግርን ለመረዳት አላስቻለም።

በአውስትራሊያ ደግሞ ግሬም ክላርክ የሚባል ሐኪም ነበር። አባቱ የመስማት ችግር ያለባቸው የመድኃኒት ባለሙያ ስለነበሩ ችግሩን ከቤቱ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1978 በሜልቦርን ለሮድ ሳውንደርስ ባለ ብዙ ቻናል መሣሪያ ገጠመ። ሮድ መስማት ያጣው በመኪና አደጋ ነው። በሙከራው ጊዜ የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሲሰማ ተነስቶ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይነገራል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሮድ መዝሙሩን ያወቀው ከአደጋው በፊት ሰምቶት ስለሚያውቅ ነው። መሣሪያው ምልክቱን ላከ፤ ትርጉም የሰጠው ግን የሮድ አእምሮ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ያልሰማ ሕፃን ይህ ትዝታ የለውም። ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ከሀ መጀመር አለበት።

አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ የተለያየ ውጤት

ባለ ብዙ ቻናል መሣሪያው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ለአዋቂዎች፣ በ1990 ደግሞ ሁለት ዓመት ለሞላቸው ልጆች ተፈቀደ። በ1991 ብሌክ ዊልሰንና ባልደረቦቹ ድምፅን ወደ ምልክት የሚቀይርበትን ዘዴ በእጅጉ አሻሻሉት። መሣሪያው ሲሻሻል ግን አንድ እንቆቅልሽ ጎልቶ ወጣ። ተመሳሳይ መሣሪያ የተገጠመላቸው ሁለት ሰዎች ውጤታቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ለምን?

መልሱ ቀስ በቀስ መጣ። በአዋቂዎች ላይ ሳይሰሙ የቆዩበት ዘመን በረዘመ ቁጥር ውጤቱ እንደሚቀንስ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2002 አኑ ሻርማና ባልደረቦቿ መስማት ተስኗቸው የተወለዱ ልጆችን አጥንተው፣ ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት የተገጠመላቸው ልጆች አእምሮ ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ በአብዛኛው እንደ እኩዮቻቸው እንደሚሆን፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ይህ እንደሚከብድ አሳዩ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት 188 ልጆችን ለሦስት ዓመታት ተከታተለ። በቶሎ መገጠሙና ቀድሞ የነበረው የመስማት አቅም ጠቅመዋል። የቤተሰቡ የኑሮ ደረጃም፣ ወላጅ ከልጁ ጋር የሚያደርገው ግንኙነት ጥራትም ከቋንቋ እድገት ጋር ተያይዘዋል። እንግዲህ የልጁ መስማት የቀዶ ሐኪሙ ሥራ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ደግሞ በቀን ስንት ሰዓት እንደተለበሱና ምን ዓይነት ድምፅ ውስጥ እንደዋሉ ራሳቸው ይመዘግባሉ። ልጆች ንግግርን ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ከጫጫታ ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ የታወቀውም ከእነዚህ መዝገቦች ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

👉 ልጁ ከእንቅልፍ እስከሚተኛ መሣሪያውን ይልበስ። ባትሪው ያለቀ መሣሪያ እንደሌለ ይቆጠራል።
👉 ስታወሩት ቴሌቪዥኑንና ሬዲዮኑን ዝጉ፤ ቀረብ ብላችሁ፣ ፊታችሁን እያየ አውሩት።
👉 የተለየ ሰዓት አትጠብቁ። ቡና ሲቆላ፣ ልብስ ሲታጠብ፣ እንጀራ ሲጋገር የምትሠሩትን ንገሩት፤ እስኪመልስም ጠብቁት።
👉 መምህሩ አጠገብ፣ ከመስኮትና ከበር ጫጫታ ርቆ እንዲቀመጥ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።
👉 የመሣሪያው ማስተካከያና የንግግር ሕክምና ቀጠሮ አይቅር።
👉 ኢምፕላንት ያለው ሰው ለማጅራት ገትር ያለው ተጋላጭነት ከፍ ስለሚል፣ ስለ ክትባቱ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

ሀገራችን ማጅራት ገትር በሚበዛበት የአፍሪካ ቀበቶ ውስጥ ስለምትገኝ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ በሽታ መስማትን ከማሳጣቱም በላይ የውስጥ ጆሮውን ወደ አጥንትነት ሊቀይረው ይችላል፤ ያኔ ኤሌክትሮዱን ማስገባት ይከብዳል። ስለዚህ ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ የመስማት ምርመራ ሳይውል ሳያድር ይደረግለት።

በመጨረሻ፣ ልጃችሁ እንደ ጎረቤት ልጅ ቶሎ ካላወራ ራሳችሁን አትውቀሱ። የነርቩ ሁኔታ፣ የውስጥ ጆሮው አፈጣጠር፣ ሌላ ተጓዳኝ ችግር በእናንተ እጅ አይደሉም። የምልክት ቋንቋም ሽንፈት አይደለም፤ ልጁ ሐሳቡን የሚገልጽበት ሙሉ ቋንቋ ነው። በእጃችሁ ያለው የየቀኑ ወሬ ነው፤ እሱን አትንፈጉት።

ለሚያስፈልጋቸው ወላጆች ያጋሩላቸው። ጤና ይብዛላችሁ!