ስለ ሰናድር ጠመንጃና ስለ ብሎን ጥርስ

በአገራችን የጠመንጃ ስም ብዙ ነው። ከስሞቹም አያሌዎቹ ከባሕር ማዶ መጥተው በአማርኛ አፍ የተለሰኑ ናቸው። ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች ፉዚል ግራ የሚሉት ነው፤ ሰናድርም ስናይደር ከሚባል አሜሪካዊ ስም የወጣ ነው። ዛሬ ስለ ሰናድር ለመጻፍ ያሰብነው፥ ይህ ጠመንጃ በመጀመሪያ እንደ አዲስ የተሠራ ሳይሆን አሮጌ ነፍጥ ተለውጦ የተገኘ ስለ ሆነ ነው። በዚህም የመለወጥ ሥራ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውላት አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ እርስዋም የብሎን ጥርስ ናት። (የዓመቱ ቍጥር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ የመቅደላው ብቻ በእኛ ተጽፏል።)

በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ቧንቧው ከኋላው በወፍራም ውታፍ የተዘጋ ነው። ውታፉም ጥርስ ወጥቶለት በቧንቧው ውስጥ ይጠመዘዛል። የመዳብ ቆብ የሚጫንባትም ትንሽ ቀዳዳ ብረት እንዲሁ በጥርስ የተያዘች ናት። ባሩዱ ሲነድ ኀይሉ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ ወደ ኋላም ይገፋል። በዚያን ጊዜ በተኳሹ ፊትና በእሳቱ መካከል ያለው እነዚህ ጥቂት የብረት ጥርሶች ብቻ ናቸው። እንግዲህ ከሌላ ጠመንጃ የተነቀለ ብሎን አምጥቶ የሚያስገባ ሰው ምን ያገኘዋል? ውፍረቱ ልክ ይመስላል፤ አንድ ሁለት ዙር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ይነክሳል። ሠራተኛው ቢያስገድደው ጥርሱ ይላጫል፤ የተላጨውም ጥርስ ለዓይን የገባ መስሎ ይታያል እንጂ ባሩዱን አይችለውም። እኛ በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸግረንም፤ ቃሉ ሁሉ አምሮ ቤቱ ያልመታ ቅኔ እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ በቅኔ ጉባኤ የሚያፍረው ባለ ቅኔው ሲሆን በጠመንጃው ግን ዓይን ይጠፋል።

ጥርሱስ ስለ ምን አይስማማም ቢሉ፥ ቀድሞ እያንዳንዱ ሠራተኛ ጥርስ ማውጫውን ለራሱ ይሠራ ስለ ነበረ ነው። ብሎን ከብሎን የሚለየው በውፍረቱ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ባሉት ጥርሶች ቍጥርና ጥርሱ በተሳለበት ማዕዘን ጭምር ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተለየ አይገጥምም። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሚባል በማንቸስተር ከተማ የሚኖር መሐንዲስ ከብዙ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ብሎኖችን ሰብስቦ ለካ፤ የሁሉንም አማካይ ወስዶ በ1841 ዓ.ም. ለአገሩ መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ እንዲሆን፥ ለእያንዳንዱም ውፍረት የጥርሱ ቍጥር የተወሰነ እንዲሆን አለ። የማንንም ልክ አልመረጠም፤ የሁሉን መካከለኛ እንጂ። ይህም ብልህነት ይመስለናል፤ የአንዱን ቢመርጥ ሌሎቹ እንቢ ባሉት ነበርና።

የጠመንጃ ሠሪዎች ግን ቶሎ አልተከተሉም። በ1853 ዓ.ም. የወጣውን ኤንፊልድ የተባለውን ጠመንጃ በበርሚንግሃምና በለንደን የሚሠሩት ባለሙያዎች ቧንቧውን አንዱ፥ ቃታውን አንዱ፥ ሰደፉን አንዱ በየቤቱ ይሠራው ነበር፤ በመጨረሻም በሞረድ እየሞረዱ ያጋጥሙታል። ስለዚህ የአንዱ ጠመንጃ ብሎን ለወንድሙ አይሆንም። በ1854 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ መንግሥት ወደ አሜሪካ የላካቸው መርማሪዎች በስፕሪንግፊልድ የመሣሪያ ፋብሪካ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አዩ። ከ1844 እስከ 1853 በየዓመቱ ከተሠሩት አንዳንድ ጠመንጃ፥ በድምሩ 10 ጠመንጃ አስመርጠው አስፈቱ፤ ክፍሎቹንም ሁሉ ደባለቁ። አንድ ሠራተኛም ያለ ሞረድ፥ በብሎን መፍቻ ብቻ፥ ከተደባለቀው ላይ እያነሣ ዐሥሩንም መልሶ ገጠመ። መርማሪዎቹም እንዲህ ያለውን መኪና ለኤንፊልድ ፋብሪካ ገዙ።

ከዚህ በኋላ በ1864 ዓ.ም. የፕሩስያ ወታደሮች ከኋላው በሚጎርስ ጠመንጃ ዴንማርኮችን ሲወጉ እንግሊዞች ደነገጡ። በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ኤንፊልድ በእጃቸው ነበረ፤ ሁሉን ጥሎ አዲስ ማሠራት ደግሞ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን ይፈልጋል። አሮጌውን የሚለውጥ ሰው ይምጣ ብለው ዐዋጅ አወጡ። ከቀረቡትም መካከል የፊላዴልፊያው ሰው ያዕቆብ ስናይደር ያመጣው ተመረጠ።

የስናይደር ሐሳብ ውበቱ እዚህ ላይ ነው፦ ለአሮጌው ጥርስ የሚስማማ ጥርስ አልፈለገም። ቧንቧውን ከኋላው ሁለት ኢንች ተኩል ያህል፥ ከነአሮጌው ውታፍ ማደሪያ፥ ቈርጦ ጣለው። በቀረውም ቧንቧ ጫፍ ላይ አዲስ ጥርስ አወጣ፤ ለሁሉም አንድ ልክ ሆነ። በዚያም ላይ በስተ ቀኝ በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ ያለበትን አዲስ ብረት ጠመዘዘ። ሰደፉ፥ ቃታው፥ መዶሻው እንደ ነበሩ ተመለሱ። በሦስት ጥይት ፈንታ ሠልጣኝ ወታደር በደቂቃ 10 ያህል ይተኩስበት ጀመር። ጥይቱንም ቀለሁ ናስ የሆነውን ኮሎኔል ቦክሰር የተባለ መኰንን በዉሊች አዘጋጀው።

ይህ ጠመንጃ በአገራችን በጦር ሜዳ የተተኰሰበትን ቀን ካህናት አይረሱትም፤ የስቅለት ዕለት ነበርና። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከመቅደላ ወረደ። ጀግንነት አልጐደለውም፤ ነገር ግን የያዘው ጠመንጃ አብዛኛው በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበረ። አንዱ ቆሞ ባሩድ ሲጎሰጉስ የእንግሊዝ ወታደር ደጋግሞ ይተኩስበት ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር 700 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይነገራል፤ ከእንግሊዞቹ ወገን በቍስል የሞቱት ሁለት ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላም ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ እጄን አልሰጥም ብለው በሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። በጋፋት መድፍ ሲያስቀልጡ የኖሩት ንጉሥ የወደቁት፥ ጠላታቸው አሮጌ ነፍጡን በአዲስ ጥርስ ባደሰበት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው።

ስናይደር ራሱ ይህን ሁሉ አላየም። ስለ ሐሳቡ ዋጋ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ሲከራከር በዕዳ ተይዞ በጥቅምት ወር 1866 ዓ.ም. ሞተ። ስሙን ሰናድር ብለን የጠራነው ጠመንጃ በእሮጌ ሲተኰስ ባለቤቱ ከተቀበረ ዓመት ተመንፈቅ አልፎት ነበር።