ለዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ኦርጋን

ከሱሉልታ ወደ ደብረ ሊባኖስ በሚወስደው ጎዳና ባሉት አድባራትም ሆነ በቡራዩና በሰበታ፣ በበዓል ሌሊት ማኅሌት ሲቆም የሚሰማው ከበሮና ጸናጽል ነው፤ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናትና በተማሪ ቤቶቻቸው ጸሎት ቤት ግድግዳውን ሞልቶ የሚታየው ባለ ቧንቧ ኦርጋን ግን በዚህ የለም። ስለዚህም መሣሪያው ወደ አገራችን ከቶ ያልዘለቀ የሚመስለው ብዙ ነው።

ነገር ግን በሚያዝያ 1512 ዓ.ም. ምጽዋ የደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኛ ዶን ሮድሪጎ ደ ሊማ ለዐፄ ልብነ ድንግል ካመጣው ገጸ በረከት መካከል፣ አብሮት የተጓዘው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ መዘገበው፣ በወርቅ ያጌጠ ሰይፍ፣ የዓለም ካርታና ኦርጋን ይገኙበታል፤ ከልኡካኑም አንዱ ማኑኤል ደ ማሬስ የተባለ ኦርጋን መቺ ነበረ። ወናፉ ነፋሱን ወደ ሳጥኑ ይገፋል፣ ጣት ሲጫን ክዳኑ ይከፈታል፣ ነፋሱም በቧንቧው አልፎ ድምፅ ይሆናል፤ ታላላቆቹ ኦርጋኖች 5 ሜትር የሚያህል ቧንቧ ሲኖራቸው፣ ይህ ግን በጭነት ያን ሁሉ ተራራ የሚሻገር ነበርና ትንሽ መሆኑ አያጠራጥርም።

መሣሪያው የተወለደው ከልደተ ክርስቶስ በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት፣ ጳጳሳት ትልክልን በነበረችው በእስክንድርያ፣ በክቴሲቢዮስ እጅ መሆኑ ያስደንቀኛል፤ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለቅዳሴዋ አልተቀበለችውምና።

በእኛ ዘንድ ሥር ያልሰደደው ወናፉን የሚጠግንና ቧንቧውን የሚቃኝ ባለሙያ ስላልነበረ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ዋናው ምክንያት ግን ስፍራው ባዶ አለመሆኑ ይመስለኛል። ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ የሠራው ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ዘመናትን አስቆጥሮ ነበር፤ በልብነ ድንግል ልጅ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ.ም.) ደግሞ፣ ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው የዜማ ምልክት ሠሩለት። ብራናውን ቀርቦ ለሚመለከት፣ ከቃሉ ራስጌ በደቃቅ ብዕር የተጻፉት ፊደላት፣ በመካከላቸውም ድፋቱ፣ ጭረቱና ርክርኩ፣ የመሪጌታው ድምፅ የት እንደሚወርድ፣ የትስ እንደሚንቀጠቀጥ ያመለክቱታል። አገሪቱ በግራኝ ጦርነት አድባራቷ ተቃጥለው፣ መጻሕፍቷ ጠፍተው ሳለ፣ እነዚያ ሁለት ሊቃውንት የተረፈውን ዜማ በጽሑፍ ለማጽናት መድከማቸውን ሳስብ፣ ከባሕር ማዶ ከመጣው ገጸ በረከት ሁሉ ይልቅ ድካማቸው ይከብርብኛል።